ጸበሉም ይጠጣ፣ ክኒኑም ይዋጥ

(በእድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለሚጥል በሽታ የተደረገ ንግግር፤ እንደተነገረው የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ ሼኾች፣ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ጊዜ ስለሰጣችሁኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች መከታተል ነው። ዛሬም የምናገረው ስለዚሁ ሕመም ነው። ስሙን ስጠራ አንዳንድ እናቶች ሲያማትቡ አየሁ። ግድ የለም፣ አማትቡ። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ሰው ሲወድቅ ምን ማድረግ እንዳለብን። ከዚያ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ድሮውም ስለ አዲሱም። መጨረሻ ላይ ስለ ጸበል እናገራለሁ። ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። አባቶች ይገኙልኝ ብዬ የለመንኩትም ለዚሁ ነው። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ስንት ሰው ነው ይህ ሕመም ያለበት? በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ። ይሄ ቁጥር ሩቅ ነው። ወደ ቤታችን እንምጣ። የሀገራችን የመጀመሪያው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቡታጅራ አካባቢ አንድ ትልቅ ጥናት ሠርተው ነበር። ቤት ለቤት እየዞሩ ከ60,000 በላይ ሰው መዘገቡ። ውጤቱ በ1990 ታተመ። ከ1,000 ሰው ውስጥ 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው።

እስቲ እዚሁ እናስላው። እድራችን 200 አባወራ አለው። በየቤቱ አምስት ሰው ብንቆጥር 1,000 ሰው ነን። ስለዚህ ከመካከላችን አምስት ያህል ሰው አለ ማለት ነው። የት አሉ? ታውቋቸዋላችሁ? ለቅሶ ላይ አይታችኋቸዋል? ሠርግ ላይስ? አላያችኋቸውም። ጓዳ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ በሩ የሚዘጋባቸው እነሱ ናቸው።

ከዚያ የቡታጅራ ጥናት እኔን የሚያመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ሕመሙ ከተገኘባቸው ሰዎች ውስጥ የሐኪም መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ከመቶ ሁለት! መድኃኒቱ አልተፈጠረም ነበር እንዳትሉ። ያኔ ከተገኘ ሰባ ዓመት አልፎታል። ወደዚያ እመጣለሁ።

እሺ፣ ሕመሙ ምንድን ነው? አንጎላችን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ይህን የምለው ለማስረዳት ያህል አይደለም፣ እውነተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 ከሰው ራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክቶታል። ዛሬ ኢኢጂ የምንለው ምርመራ የመጣው ከዚያ ነው። በደህናው ጊዜ የአንጎል ሴሎች ተራ እየጠበቁ ነው መልእክት የሚለዋወጡት። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ግን ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ይተኩሳሉ። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ድንገት በኃይል ሲመጣ የቤቱ አምፖል ሁሉ ብልጭ ድርግም እንደሚለው ማለት ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ሰውየው ራሱን ይስታል። ከዚያ ይበርዳል፣ ሰውየውም ደክሞት ይተኛል።

ሁሉም ሰው ግን አይወድቅም። ይህንን በተለይ መምህራን ስሙኝ። አንዳንድ ልጅ ዝም ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ይፈዛል። ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። ከዚያ እንደገና ይጽፋል። በቀን ብዙ ጊዜ ይሆንበታል። እኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ እንዲህ ነበር። አስተማሪው «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» እያለ ይቆነጥጠው ነበር። እናቱም ታምናለች፣ ቤት ሲመጣ ትደግመዋለች። ልጁ ግን ያን ሰዓት እዚያ የለም። ሲቆነጠጥ እንኳ አይሰማውም። መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ደብተሩን ሳየው የጎደለ መስመር የለውም። ከዚያ በፊት ግማሹ ዓረፍተ ነገር ጎዶሎ ነበር።

ከምን ይመጣል? ከብዙ ነገር። ምጥ ጠንቶ፣ ልጁ ሲወለድ ታፍኖ ከቆየ ሊመጣ ይችላል። ማጅራት ገትር ከታመመ፣ ወባ ወደ ራሱ ከወጣበት፣ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ከተመታ ሊመጣ ይችላል። አዛውንት ላይ ስትሮክን ተከትሎ ይመጣል። በዘር የሚወረስም አለ። መነሻው የማይገኝለትም ብዙ ነው። ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን መከላከል እንችላለን? እናቶች ጤና ተቋም ቢወልዱ፣ ልጆች ቢከተቡ፣ ሞተር የሚነዳ ልጅ ሄልሜት ቢያደርግ፣ የተወሰነው ከመጀመሪያውም አይፈጠርም ነበር።

ጥሬ ሥጋ ያመጣዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ለሚጥል በሽታ ምክንያት የሚሆን የትል ዓይነት አለ። እሱ ግን የአሳማው ትል ነው። እንቁላሉ በምግብና በውሃ ወደ ሰው ገብቶ አንጎል ውስጥ ይቀመጣል። የእኛ የጥሬ ሥጋው ኮሶ፣ የበሬው ማለት ነው፣ አንጀት ውስጥ ይኖራል እንጂ አንጎል አይወጣም። ኮሶን ያነሳሁት ወደ በኋላ ስለምፈልገው ነው። አቆዩልኝ።

አሁን አንድ ነገር ሦስት ጊዜ እላለሁ። አይተላለፍም። አይተላለፍም። አይተላለፍም! ያ አረፋ ምራቅ ነው። ሰው ራሱን ስቶ ምራቁን መዋጥ ስላልቻለ ነው የሚወጣው። ነክታችሁት እጃችሁን ብትታጠቡ አለቀ። ባትታጠቡም ሕመሙ አይዛችሁም።

ይህንን ለምን አጥብቄ እንደምናገር ልንገራችሁ። ያደግኩት ገጠር ነው። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ይህ ሕመም ነበረባት። ሥራዋን የምትወድ፣ እጇ የማይፈታ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ምድጃ ዳር ወጥ ስትሠራ ጣላት። ጎረቤት ሁሉ ጩኸት ሰምቶ መጣ። ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። እጇ እሳት ውስጥ ነው። ማንም አልነካትም። ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። እነዚያው ሰዎች ለአክስቴ እህል ያጭዱላታል፣ ስትወልድ ገንፎ ያገነፉላታል። ግን «ምራቋ የነካው ይይዘዋል» የሚለውን ከእናቶቻቸው ሰምተዋል። እናቴ ከምንጭ ተመልሳ እስክትጎትታት ድረስ ቆመው አለቀሱ። አዎ፣ አለቀሱ። አክስቴ ከዚያ በኋላ በቀኝ እጇ እንጀራ መጋገር አልቻለችም። ያን ቀን ያቃጠላት ሕመሙ ብቻ አይደለም። ወሬው ነው ያቃጠላት።

ስለዚህ ሰው ፊታችሁ ሲወድቅ ምን ታደርጋላችሁ? ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከመንገድ አርቁት። ከጭንቅላቱ ስር ነጠላም ሆነ ጃኬት አድርጉ። አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉ። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት፣ ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ሰዓት እዩ። እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ። ሲነቃ ግራ ይጋባል፣ ያፍራል። «አይዞህ፣ አለን» በሉት።

አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ማንኪያ አይሆንም፣ እንጨት አይሆንም፣ ጣታችሁም አይሆንም። ምላሱን አይውጠውም። ምላስ አይዋጥም። ጥርሱን ትሰብራላችሁ፣ ጣታችሁንም ታጣላችሁ። እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ። ሳይነቃ ውሃ አታጠጡት።

ክብሪትስ? ይሄው ሁላችሁም ፈገግ አላችሁ። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው ጩኸት «ክብሪት አምጡ!» ነው። ጭሱን አፍንጫው ላይ እናደርጋለን፣ ይነቃል፣ ክብሪቱ አዳነው እንላለን። ግን አስቡት። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያበቃል። ክብሪቱ ተፈልጎ፣ ከሱቅ መጥቶ፣ ተጭሮ አፍንጫው ጋ እስኪደርስ እኮ ሁለት ደቂቃ አለፈ! ጭሱ ምንም አልሠራም። ትንፋሹን ለሚታገል ሰው ደግሞ ጭስ ማሽተት ክፋት አለው። ክብሪቱን ተዉት።

ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን አትጠብቁ። ሳይነቃ ደግሞ ከጣለውም አትጠብቁ። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ከተጎዳ፣ ወይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቶሎ ወደ ሕክምና። ባጃጅም ይሁን ላዳ፣ የተገኘውን ያዙ። አንድ ሰው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ይቅረጽ። ለቲክቶክ አይደለም፣ ለሐኪሙ ነው። እኛ ጋ ሲመጡ በሽተኛው ደህና ሆኖ ነው የምናየው። የወደቀበትን ቪዲዮ ስናይ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ኢኢጂ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳያሳይ ሊወጣ ይችላል። ያየ ሰው ምስክርነት ግን ሁልጊዜ ይጠቅማል።

ወደ ሕክምናው እንሂድ።

በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ለሚጥል በሽታ ሕሙማን አንድ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጠ። ሐሳቡ እንዲተኙለት ብቻ ነበር። ግን መውደቃቸው ቀነሰ። ያ መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። ዛሬ እኔ ጤና ጣቢያ የማድለው ያችኑ ነጭ ክኒን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው መድኃኒት! ርካሽ ነው። ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ይበቃል። ከእሱ ሌላ ካርባማዜፒን አለ፣ ፌኒቶይን አለ፣ ቫልፕሮዬት አለ። ሐኪሙ እንደ ሕመሙ ዓይነት ይመርጣል።

ውጤቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ያስቀመጠው አለ። በትክክል ተመርምረው መድኃኒታቸውን ቢወስዱ ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት ሰዎች ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ከአሥር ሰባት ማለት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በርካሽ ክኒን ከአሥር ሰው ሰባቱን ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርቱ፣ ወደ ትዳሩ የሚመልስ ሌላ ስንት ሕክምና ታውቃላችሁ? ሆኖም በደሀ ሀገሮች ከአራት ሕሙማን ሦስቱ መድኃኒቱን አያገኙም።

ክኒኑ እንከን የለውም አልልም። ያስተኛል፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። አንዳንድ ልጆችን ያነጫንጫል፣ እረፍት ያሳጣል። ቫልፕሮዬት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። የጽንሱን አፈጣጠር ሊያበላሽ፣ የልጁን የአእምሮ እድገትም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለመውለድ የምታስቡ እህቶች ከማርገዛችሁ በፊት ንገሩን። እንቀይራለን። ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን እንሰጣለን። ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። እርጉዝ ሆኖ መውደቅም ለእናትም ለልጅም አደጋ ነው።

«አታቋርጡ» የሚለውን ለሁላችሁም እደግመዋለሁ። መድኃኒቱ ሲሠራ ሰው ዳንኩ ይላል። ስድስት ወር ሳይጥለው ሲቆይ ክኒኑን ይጥላል። ያኔ ሕመሙ በረታ ብሎ ይመለሳል። አንዱ ሳይቆም ሌላው እየተከተለ፣ ሰውየው ሳይነቃ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ማቆም አይቻልም አላልኩም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥለው የቆየ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ቀስ በቀስ፣ ወር በወር እየቀነሰ ሊያቆም ይችላል። በአንድ ቀን ግን አይቆምም።

ጿሚዎች ስለ ጾም ትጠይቁኛላችሁ። ጠዋት የሚወሰድ ክኒን ያለው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብሎ ይዘለዋል። ከዚያ ይወድቃል። ኑና ንገሩን። ማታ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ወደዚያ እናዞራለን። ከሌለም የንስሐ አባቶቻችሁ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ጠይቋቸው። ረመዳን ሲመጣም ያው ነው። ከመጀመሩ በፊት ኑ፣ ሰዓቱን እናስተካክላለን።

ስለ ጾም ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥንት ጀምሮ ሲጾሙ ሕመሙ እንደሚቀንስ ሰዎች ያዩ ነበር። በ1921 ራስል ዋይልደር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም አሰበበት። ሰው ዘላለም ሊጾም አይችልም፤ ግን ሰውነቱን እየጾመ እንዳለ እንዲቆጥር የሚያደርግ አመጋገብ ቢኖርስ? ቅባት የበዛበት፣ እህልና ስኳር እጅግ ያነሰበት ምግብ አዘጋጀ። ኬቶጄኒክ ይባላል። በመድኃኒት ሕመማቸው ያልቆመላቸውን ልጆች ለማከም ዛሬም ይሠራበታል። ታዲያ የእኛ ጾም ያንን ይተካል? አይተካም። የእኛ ጾም እንጀራና ሽሮ ነው፣ ማለትም እህል ነው። እንዲያውም የዚያ ተቃራኒ ነው። ቤት ውስጥ በግምት የሚሞከርም አይደለም። ልጁ ከባለሙያ ክትትል ውጪ ከሆነ እድገቱ ይጎዳል።

ክኒን የማይበቃቸው ሦስቱ ሰዎችስ? ለእነሱም ሳይንስ ቁጭ አላለም። ሞንትሪያል ውስጥ ዋይልደር ፔንፊልድ የሚባል ቀዶ ሐኪም ነበር። በሽተኛው ነቅቶ፣ እያነጋገረው፣ ሕመሙ የሚነሳበትን የአንጎል ቦታ ፈልጎ ያወጣ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውምና። ዛሬ በአንገት የሚያልፈውን ነርቭ የሚያነቃቃ፣ ከቆዳ ስር የሚቀበር ትንሽ መሣሪያም አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1997 ተፈቀደ። እነዚህ ለእኛ ገና ሩቅ ናቸው፣ በእነሱ ጊዜያችሁን አልወስድም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ እንደ እኔ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይህንን ሕመም በጤና ጣቢያ እንዲያክሙ መሠልጠን ጀመሩ። እኔም በዚያ መንገድ የመጣሁ ነኝ። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ሕክምናው አዲስ አበባ አይደለም ያለው። እዚሁ ነው።

አሁን ኮሶን እንመልሰው።

የባህል መድኃኒት ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር የለሁም። አባቶቻችን የኮሶን አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው ለትል ይጠጡ ነበር። አውሮፓውያን ይህንን አይተው በ19ኛው መቶ ዘመን ኮሶን በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ውስጥ አስገቡት። የእኛ ዛፍ ነው! ለሚጥል በሽታም ቢሆን ከዕፅ የመጣ መድኃኒት አለ። ካናቢስ ከሚባለው ተክል ካናቢዲዮል የሚባለው ብቻ ተለይቶ ወጣ። የማያሰክረው ክፍል ነው። በከባድ የልጅነት ሕመሞች ላይ፣ የውሸት መድኃኒት ከሚወስዱ ልጆች ጋር እየተነጻጸረ ተፈተነ። በ2018 አሜሪካ ፈቀደችው። በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የባህል ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚሰጧቸውን ዕፅዋት በአይጥ ላይ የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። ደስ ይለኛል። ከአይጥ እስከ ሰው ግን ረጅም መንገድ ነው።

እኔ የምፈራው ዕፁን አይደለም። ልኩን ነው። ሥር ተቆፍሮ፣ በእፍኝ ተለክቶ፣ ለሰባት ዓመት ልጅም ለአርባ ዓመት ሰውም እኩል ሲሰጥ እፈራለሁ። ጉበትና ኩላሊታቸው ተጎድቶ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ። ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ሲወሰድ ደግሞ ምን እንደሚሆን የሰጠውም ሰው አያውቅም። የምትወስዱት ነገር ካለ አትደብቁን። አንቆጣም። ማወቅ ብቻ ነው የምንፈልገው።

እንግዲህ ጸበል።

አባቶች፣ ይህንን በድፍረት አይቁጠሩብኝ። እኔም ጸበል ጠጥቼ ያደግሁ ነኝ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ አንድ አባት እሳትና ውሃ ውስጥ የሚጥለውን ልጁን ወደ ጌታ ያመጣል። ሕዝባችን ይህንን ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ሲወድቅበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጸበል ነው። ሙስሊሙ ወደ ሩቅያ፣ ቁርአን ወደሚቀራለት ቦታ ይሮጣል። ይህ አባት ምን አጠፋ? ምንም። ተስፋ ወዳለበት ነው የሄደው። ደግሞም እዚያ የሚያገኘው ነገር አለ። አብሮት የሚጸልይ ሰው ያገኛል። የማይሸሸው ሰው ያገኛል። እኛ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ውሎ ለአምስት ደቂቃ ነው የምናናግረው።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። «ጸበል ከገባህ ክኒን አትንካ» የሚባለው ነገር ነው። በስንት ልፋት ሕመሙ ቆሞላት የነበረች አንዲት ወጣት አውቃለሁ። ተቀጥራ ትሠራ ነበር፣ ታጭታም ነበር። ዘመዶቿ ፈጽማ ትዳን ብለው ሩቅ ጸበል ወሰዷት። ክኒኑን እዚያው እንድትጥል የነገራት ካህን አልነበረም። አብረዋት የነበሩ ምእመናን ናቸው። ጣለችው። ሌሊቱን በጸሎት ቆመች፣ አልተኛችም። ቀኑን አልበላችም። ጠዋት በባዶ ሆዷ ጸበሉን አብዝታ ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ገደል አፋፍ ላይ ጣላት። ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እግሯ ግን ዛሬም ያነክሳል።

እዚህ ላይ ሳይንሱን ልንገራችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንቅልፍ ማጣት ይጥለዋል። መድኃኒት ድንገት ማቋረጥ ይጥለዋል። ምግብ ሳይበሉ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያወርዳል። ይህ ብቻውን እንኳ ጤነኛውን ሰው ሊጥል ይችላል። እንግዲህ ሦስቱም በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ምን ይሆናል? ከዚያ ሲወድቅ «መንፈሱ ጮኸ» ይባላል። አባቶች፣ መንፈስ የለም ወይም አለ ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። የእናንተ ድርሻ ነው። ግን እንቅልፍ ያጣና መድኃኒቱን የተነጠቀ አንጎልም ይጮሃል።

ይህንን ጉዳይ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ጊዜ ፈትታዋለች። ታስታውሳላችሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ብዙ ሰው እንጦጦ ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን አቋረጠ። ብዙ ሰው አለቀብን። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናገሩ። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ የሰዉ ልብ አረፈ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን የምታውቁት ከእኔ ይልቅ እናንተ ናችሁ። ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ታዲያ ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ ለምን ይከለከላል?

አፍሪካ ውስጥ የተፈተነም ነገር አለ። በጋናና በናይጄሪያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚቀበሉ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተጣምረው እንዲሠሩ ተደረገ። ባለሙያው ወደ ፈዋሹ ቦታ እየሄደ መድኃኒት ይሰጣል፣ ፈዋሹም ጸሎቱን ይቀጥላል። በ2020 የታተመው ውጤት ከስድስት ወር በኋላ የእነዚህ ሕሙማን መሻሻል ከሌሎቹ እንደሚበልጥ አሳየ። ያ ሕመም ሌላ ነው፣ የሚጥል በሽታ አይደለም። መንገዱ ግን ለእኛም ይሆናል።

በቅርባችንም እንዲህ የሚያደርጉ አባት አሉ። ስማቸውን እንድጠራ አይወዱም። ወደሳቸው የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ክኒንህን ይዘሃል?» ብለው ነው። ካልያዘ እንዲያመጣ ይልኩታል። ጸበሉን ሲሰጡት በዚያው ጸበል ክኒኑን እንዲውጥ ያደርጉታል። እሳቸው የላኩልኝ ሰዎች ከሁሉም በላይ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚወስዱ ናቸው። የእኔን ቃል አምነው አይደለም፣ የእሳቸውን ነው።

ስለዚህ አባቶች የምለምናችሁ ይህንን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲመጣ ክኒኑን እንዳይጥል ንገሩት። ሌሊት ይተኛ። ጸበሉን ጥቂት ጥቂት ይጠጣ። ሲጠመቅ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ብቻውን ወደ ውሃው አይግባ። አይታሰር። ድንጋይና ገደል ካለበት ይራቅ። ሼኾችም፣ ዱዓችሁን ስታደርጉለት ይህንኑ ንገሩልኝ።

ለእድሩም ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ወጥ እንሠራለን፣ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። ጥሩ ነው፣ አይቅርብን። ግን አንዳንድ ወር ጤና ጣቢያው ክኒኑ ያልቅበታል። ያኔ ከውጭ ፋርማሲ የሚገዛበት ያጣ ሰው ያቋርጣል። ያቋረጠ ሰው ደግሞ ይወድቃል። እድራችን ለዚህ ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ቢያስቀምጥ ምን ይላችኋል? ለአምስት ሰው ብዙ ወጪ አይደለም። ሁለተኛ፣ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ምድጃው ከመሬት ከፍ እንዲል ወጣቶች በጉልበታቸው ይርዱ። ጭቃና ድንጋይ ነው የሚፈልገው። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሦስተኛው ለእናንተ ለወላጆች ነው። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩት። ሴት ልጃችሁ ስትታጭ ሕመሟን አትደብቁ። ተደብቆ ሲገኝ ነው ትዳር የሚፈርሰው። መድኃኒቷን የምትወስድ ሴት ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ልጆቿን ታሳድጋለች። እኔ ጋ ክትትል ያላቸው እናቶች አሉ።

የእድራችን ዳኛ፣ የገንዘቡን ጉዳይ ዛሬውኑ ከሒሳቡ ጋር አጀንዳ ቢያስይዙልኝ ደስ ይለኛል። ስብሰባው ሲያልቅ ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ እቆያለሁ። በሰው ፊት መጠየቅ የሚከብደው ካለ እዚያ ያናግረኝ። ጓዳ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ሰኞ ጠዋት ይዛችሁት ኑ። ሲወድቅ ያየውም ሰው አብሮ ይምጣ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ። እርስዎ እማማ፣ ከኋላ ያሉት፣ ቅድምም እጅ አውጥተው ነበር። ይጀምሩ።